አንድ እንግዳ የመጣበት የመስክ ቀን

ጥቅምት 2014 ዓ.ም.፤ ሐሙስ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች መንደር፣ እንድሪስ ይመር የተባለ ገበሬ ሁለት ጆንያ በቆሎ ሊያስመዝን ሰላሳ ሰው ጠርቶ አንድ ሰው መጣ። የመጣሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ በሬዲዮ ዘጋቢነት አሥራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። መቀመጫዬ ደሴ ነው። ሥራዬ የእርሻ፣ የገበያና የዝናብ ወሬ ማጠናቀር ነበር፤ ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ ሲወርድ ግን ሁላችንም የጦርነት ዘጋቢ ሆንን። ትዳር አልነበረኝም። በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ የሚጠብቀኝ አንድ አልጋና በካርቶን የታጨቁ ማስታወሻ ደብተሮች ብቻ ነበሩ። በባልደረቦቼ ዘንድ የምታወቀው በሁለት ነገር ነው፦ አልደነግጥም፣ ያላረጋገጥሁትንም አልናገርም። ስለ መጀመሪያው ዛሬም አልከራከርም። ሁለተኛው ግን ይህን ጽሑፍ አስጽፎኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ሐሙስ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የለውጡ ሰሞን ነበር፤ ሹመኛው ሁሉ አዲስ ነው፣ መናገርም ይወዳል። በእንድሪስ ማሳ ላይ የመስክ ቀን ተደረገ። እንድሪስ መሬቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እንደ አባቱ በብትን፣ ግማሹን ደግሞ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ በመስመር በቆሎ ዘርቶበት ነበር። ሠርቶ ማሳያ ይሉታል። ጎረቤት ተሰብስቦ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል፣ አይቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል ተብሎ ነው። ፍየል ታረደ። ንግግር በዛ። የመስመሩ በቆሎ ገና እርጥብ ሳለ ከነቆረቆንዳው፣ ሳይፈለፈል ተመዘነ። የብትኑ ደግሞ ምሳ ስለ ደረሰ በዓይን ተገመተ። ከመድረኩ «እጥፍ!» ተባለ። እንድሪስም መቅረጸ ድምፄ ፊት ቆሞ «እጥፍ አግኝቻለሁ» አለ። እኔ የሦስት ደቂቃ ዘገባ ሠራሁ፤ ተላለፈ።

ጎረቤቱ ሰይድ ሙሔ ዘገባውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰማ። ጊደሩን ሸጦ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገዛ። በቀጣዩ ክረምት በመስመር ዘራ። ሲደርስ ያገኘው ቀጫጭን አገዳና የጣት ያህል ራስ ነው። በብትን ከሚያገኘው አነሰበት።

ሰይድና እንድሪስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወንፈል የሚሠሩ፣ የአንዱን በሬ ከሌላው በሬ ጋር አቀናጅተው የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ሰይድ በቅሬው ፊት ቆሞ «ዋሽቶ ጊደሬን አሸጠኝ» አለ። ቅሬ የሞተን የሚቀብር፣ የታመመን የሚሸከም፣ የተጣላን የሚያስታርቅ የጎረቤት ማኅበር ነው፤ በዚያ ፊት ውሸታም መባል ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰይድ በሬውን ለየ። ሌላው ሰው ደግሞ «የሬዲዮው እንድሪስ» እያለ ይስቅበት ጀመር። በቡቃያ ጊዜ ለአረም የሚመጣለት ሰው ጠፋ።

ቅሬው ፈረደ። እንድሪስ ደግሞ ይዝራ፤ ግማሹን በብትን፣ ግማሹን በመስመር። ሲደርስ ከሁለቱም ወገን እኩል ቦታ በእርምጃ ተለክቶ ራስ ራሱ ይለቀም፣ ይድረቅ፣ ሰው ባለበት ይፈልፈልና ይመዘን። ሰይድ ራሱ ቆሞ ይይ። ያን ጊዜ ውሸቱም እውነቱም ይታወቃል።

እንድሪስ ደውሎ ይህን ሁሉ ነገረኝ። የሰይድን ነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «አንተም አለህበት» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልሁት።

ሐሙስ ጧት ከደሴ ሐይቅ ድረስ በታክሲ ሄድሁ። ከሐይቅ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና አልነበረም። የሚመጣው ሁሉ ወደ ደሴ ነው፤ ፍራሽ፣ ድስት፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ጭኖ። አንድ ባለባጃጅ «ወዴት ነህ?» አለኝ።

«ወደ ላይ።»

«ሰው ከሚሸሽበት ወደዚያ የሚሄድ ወይ እብድ ነው ወይ ጋዜጠኛ።»

መታወቂያዬን አሳየሁት። «ብያለሁ!» ብሎ ባጃጁን አዞረ።

በእግሬ አንድ ሰዓት ያህል ሄድሁ። ሐይቁ በስተቀኜ ነበር፤ በላዩ አንድም ጀልባ አላየሁም። ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ይቆምና እንደገና ይሰማል። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። መንደሯ ውስጥ ስገባ በሮቹ በገመድ ታስረዋል። አንድ ውሻ ተከተለኝ፤ አልጮኸብኝም።

እንድሪስን ያገኘሁት ከማሳው ዳር ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ነው። ቦታው ተጠርጓል። ለመቀመጫ ድንጋይ በግማሽ ክብ ተደርድሯል፤ ለሽማግሌዎቹ በተለዩት ሦስት ድንጋዮች ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ከዋንዛው ቅርንጫፍ ከሐይቅ እህል ነጋዴ የተዋሰው ሚዛን ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የብትኑና የመስመሩ ያልተፈለፈለ በቆሎ ያለባቸው ሁለት ጆንያዎች አሉ፤ የአንዱ አፍ በቀይ ክር፣ የሌላው በጥቁር ክር ተሰፍቷል። እሱ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ቆሟል።

በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል፤ «አያ» እለዋለሁ።

«አያ እንድሪስ፣ ሰዉ የት አለ?»

«አንተ ሰው አይደለህም?» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ሄደ። ማክሰኞ ግማሹ፣ ትናንት ግማሹ። የቅሬው ዳኛም ሄደ። ስለ እርሻ የምትመክረን ልጅ፣ የልማት ሠራተኛዋ፣ እያለቀሰች ሄደች። ሚስቴን ዘሀራንና ልጆቹን ከሚሴ ዘመድ ዘንድ ሰድጃለሁ።»

«አንተስ ምን ትጠብቃለህ?»

ወደ ጆንያዎቹ አየ። «ይኸን ነዋ። ዳኛው በክሩ ሰፍቶ፣ ‹ሐሙስ ይፈታል› ብሎ ነው የሄደው። ሐሙስ ነው።»

«ይለፍና ሰው ሲመለስ አይሻልም?»

«ሰው ይመለሳል? ማን እንደሚመለስ ታውቃለህ? እኔ ካልተመዘነልኝ፣ የሄደው ሁሉ በየደረሰበት ‹እንድሪስ ውሸታም ነው› እንዳለ ሊቀር ነው። ከሚሴ ያለው ከሚሴ፣ ደሴ ያለው ደሴ።»

«እሺ፣ እንመዝን። እኔ እመሰክራለሁ።»

«አንተማ አትመሰክርም» አለኝ ቆጣ ብሎ። «አንተ ተከሳሽ ነህ።»

ማሳውን አሳየኝ።

የመስመሩ በቆሎ ሆን ተብሎ ከመንገዱ ዳር ነው የተዘራው፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። አሁን የቆመው ደረቅ አገዳ ነው። በብዙው አገዳ ላይ ግን ባዶ የበቆሎ ሽፋን በቅጠል ልጣጭ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ነፋሱ ሲነካው ሁሉም አንድ ላይ ይንኮሻኮሻል።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ነሐሴና መስከረም ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልዲያ የተፈናቀለው ሁሉ በዚህ አለፈ። እሸት ላይ ደረሰ። መንገደኛ እሸት ሲያይ ይቀጥፋል፤ ይኸ ያባትም ያያትም ነው፤ እሸት አይከለከልም። የተራበማ ምኑ ይጠየቃል? ግን ሊመዘን የተለካው ቦታ ያለው እዚያው ነው፤ ሊበላሽብኝ ነው። ምን ልበል? ቆምሁና ‹ብሉ፣ ቢስሚላህ፣ ግን የበላችሁትን ሽፋን ካገዳው ላይ አስራችሁልኝ ሂዱ› አልኋቸው።»

«አሰሩልህ?»

«አሰሩ እንጂ! አንዲት የቆቦ ሴትዮ ልጇን አዝላ መንገድ ከጀመረች በኋላ ረስታው ኖሮ ተመልሳ አሰረች። ‹ምን ያደርግልሃል አንተ?› አለችኝ። ‹ቅሬ አለብኝ› አልኋት። ሳቀች። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ሳቀች፤ ወላሂ።»

ከመንገዱ ጥግ ከተለካው ቦታ ውስጥ የታሰሩትን ሽፋኖች ቆጠርሁ። አርባ አንድ ነበሩ። እሱም እኔ ሳልመጣ አስቀድሞ ቆጥሮ ነበር፤ አርባ አንድ።

«ምስክሩ ሰይድ ነው» አለኝ። «ያለ እሱ ሚዛኑ ዋጋ የለውም። አልሄደም። እናቱ አልጋ ላይ ናቸው። አንተ ጥራልኝ። እኔ ደጁን አልረግጥም፤ ከረገጥሁት ዓመቴ ነው።»

የሰይድ ቤት ከደረቅ ሸለቆ ማዶ ነው። ወርጄ ወጣሁ። ሰይድ ደጁ ላይ ተንበርክኮ ሁለት አጣና በአልጋ እግር ላይ ያስር ነበር፤ ቃሬዛ እየሠራ ነው። ከጎኑ በሬው በግንድ ታስሯል። ሰላም አልሁት። እጁን ሳያቆም ቀና አለ።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ» አለ።

ስሜን ነገርሁት።

«በሬዲዮ ስትናገር ትረዝማለህ።»

ለምን እንደመጣሁ በአጭሩ ነገርሁት። አጣናውን ጥሎ ተነሣ።

«አጃኢብ ነው! ጦር ደጃችን ደርሶ እሱ በቆሎ ይመዘን ይላል? ንገረው፤ ጊደሬን ይመዝንልኝ በለው። የኔን ዓመት ይመዝንልኝ በለው።»

«አያ ሰይድ፣ እውነትህን ነው። ስህተቱ የኔም...»

«ያንተማ ነው! እሱን መንደር ነው የሰማው፤ አንተን አገር ነው የሰማህ።»

ይህን ሲል ከቤት ውስጥ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ጥርት ያለ። «ሰይድ!»

«አቤት እምዬ።»

«ያ ቃሬዛ ስንት ሰው ነው የሚፈልገው?»

ሰይድ የጣለውን አጣና በእግሩ ገፋ።

«እጠይቅሃለሁ እኮ።»

«አራት፣ እምዬ።»

«አንተ ስንት ነህ?»

ሰይድ ጎንበስ ብሎ አጣናውን አስተካከለ።

«አንድ ነህ። ያ እንግዳ ሁለት ነው፤ እንድሪስ ሦስት ነው። በጉብዝናዬ አልከበድሁም፣ አሁን አጥንት ነኝ፤ ሦስት ይበቃኛል። ሂድና የሰውየውን በቆሎ መዝንለት፤ እኔ እስከዚያ እጠብቃለሁ፤ የትም አልሄድ። ዋሽቶም ከሆነ ከተሸከመኝ በኋላ ስደበው።»

ሰይድ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «እናቴ ባትታመም ኖሮ ዳኛ ነበረች» አለና ጋቢውን አነሣ።

ሸለቆውን ተሻገርን። ዋንዛው ሥር ስንደርስ እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም። እንድሪስ የሽማግሌ አጎዛ ወደተነጠፈበት ድንጋይ አመለከተ። ሰይድ አጎዛ የሌለበት ድንጋይ መርጦ ተቀመጠ።

ክሩን የፈታው ሰይድ ነው፤ የዳኛውን አሰፋፍ አገላብጦ አይቶ። ከዚያ ሦስታችንም በቆሎ መፈልፈል ያዝን፤ መጀመሪያ የብትኑን። የሚሰማው የፍሬው ድምፅ ነው፤ አልፎ አልፎ የከባድ መሣሪያው። ስንት ጊዜ እንደ ተተኮሰ ደብተሬ ላይ መስመር አሰምር ነበር፤ ልማድ ነው። በኋላ ተውሁት፤ እጄ ለበቆሎው ተፈለገ። አውራ ጣቴ ቆሰለ። ሰይድ አይቶኝ «የሬዲዮ እጅ» አለ። ከእንድሪስ በኩል የተቆረጠች ሳቅ ሰማሁ።

የብትኑ ተመዘነ። ሰይድ የሚዛኑን መርፌ ጎንበስ ብሎ ራሱ አነበበ። ጻፍሁ። የመስመሩ ተፈልፍሎ ተመዘነ። ጻፍሁ።

«የተበላው አርባ አንድ ራስ ይጨመር» አለ እንድሪስ። ያን ቀን ለሰይድ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ እሱንም ወደ እኔ እያየ ነው የተናገረው።

ሰይድ ሽፋኖቹን ከሩቅ አየ። «ሽፋን ማሰር ምን ይከብዳል? ከሌላ ቦታ አምጥቶ ማሰር ይቻላል» ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን ይህን እጠይቅ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ መስመሮቹ ገባ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። አንዱ አገዳ ላይ ሁለት ሽፋን በአንድ ቋጠሮ ታስሯል።

«ይኼ የተፈናቀለ የበላው አይደለም» አለ ጀርባውን ሰጥቶን። «እኔ ነኝ። መስከረም ላይ፣ አንተ ጁምዓ ስትሄድ። የበቆሎውን ራስ አይቼ ማመን አቃተኝ፤ ቀጠፍሁ። በላሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሲያስር አይቼ...»

«አውቃለሁ» አለ እንድሪስ።

ሰይድ ዞረ።

«ያንተ ቋጠሮ ነው። የቀንበር ማነቆ ስታስር እንደዚያ ነው የምትቋጥር፤ ሁለት ዙር ወደ ግራ። ስንት ዘመን ስፈታው ኖሬ ይጠፋኛል?» ቀስ ብሎ ጨመረ። «አልፈታሁትም። በየጧቱ እየመጣሁ አየው ነበር።»

ሰይድ ቋጠሮውን በጣቱ ነካ፤ እሱም አልፈታውም።

ሰይድ ተመልሶ መጣና ተቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ አጎዛው ላይ። «ሰው እሸት ሲቀጥፍ ትልቅ ትልቁን ነው። ትልቁ ስንት እንደነበር ግን የመዘነው የለም። በትንሹ ራስ ልክ ይቆጠር።»

«ይቆጠር» አለ እንድሪስ፤ አልተከራከረም። ከመስመሩ ወገን ከተለካው ቦታ ውጭ ገና ካልተለቀሙት አገዳዎች ትንሹን ራስ ሰይድ መርጦ አመጣ። ፈልፍለን መዘንን፤ በአርባ አንድ አባዛን።

የብትኑ ሁለት እጅ ሲሆን የመስመሩ ሦስት እጅ ሆነ። ግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። እጥፍ አልነበረም። ሰይድ የዘሩንና የማዳበሪያውን ዋጋ በጣቱ ቆጥሮ ከጭማሪው ላይ አነሣ። የተረፈው ከጭማሪው ሲሶ ገደማ ነው።

«ትርፍ አለው» አለ ሰይድ። «ያወራችሁትን ያህል አይደለም። ግን አለው።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ እንድሪስ።

«ታዲያ የኔ ምን ሆነ? ዘሩ አንድ ነው። መስመሩን በገመድ ነው ያወጣሁት። ማዳበሪያ አልሰሰትሁም። እንደ ተባለው በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ጣልሁ።»

«ከዚያስ?» አለ እንድሪስ።

«ከዚያስ ምን?»

«አንዱን አልነቀልኸውም?»

«የበቀለውን?» ሰይድ የሰደቡት ያህል አየው። «የበቀለ ይነቀላል እንዴ? አላህ ያበቀለውን? ደግሞስ ማን ነገረኝ?»

«ጉልበት ላይ ሲደርስ ደካማው ይነቀላል፤ አንዱ እንዲበረታ። ልጅቱ፣ የልማት ሠራተኛዋ፣ መጥታ አሳየችኝ። እኔም እየሳሳሁለት ነው የነቀልሁት። እናንተ በመስክ ቀኑ ስትመጡ ተነቅሎ አልቆ ነበር፤ ያያችሁት አንድ አንዱን ነው። ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ...» ሳይጨርሰው ቀረ።

በዚህ ጊዜ እኔ ስለ ራሴ አንድ ነገር አወቅሁ። በዚያ የመስክ ቀን ልጅቱ ለብቻዬ አቁማኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይህችን እንዳትረሳ፤ ማሳሳቱን፣ ቡቃያ መንቀሉን፣ ካልነገርህልኝ ሌላው ከንቱ ነው» ብላኛለች። ቀድቻታለሁ። ቢሮ ስገባ ዘገባው ከሦስት ደቂቃ በሃያ ሰከንድ አለፈ። የሹሙን «እጥፍ» እንዳለ ይዤ የልጅቱን ሃያ ሰከንድ ቆረጥሁ። «እጥፍ» ለጆሮ ይጥማል፤ ስለ ቡቃያ መንቀል ማን ይሰማል ብዬ።

ይህን ለሁለቱም ነገርኋቸው። ቃል በቃል፣ እንዲህ እንደጻፍሁት።

እንድሪስ መሬት መሬት አየ። ሰይድ የእጁን ትቢያ አራገፈ።

«ሃያ ሰከንድ ምን ያህል ናት?» አለኝ።

«አጭር ናት።»

«ተናገራት እስቲ። ልስማት።»

የልጅቱን ቃል እንዳስታወስሁት ተናገርሁ፦ ቡቃያው ጉልበት ላይ ሲደርስ፣ ከየጉድጓዱ ደካማው ይነቀል፣ ጠንካራው ይቅር፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ። ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ጊደሬ በዚህ ሄደች» አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ከባድ መሣሪያው ቀረበ። እንድሪስ ተነሣ። «እናትህን፣ እማማ ከድጃን፣ እናንሣ» አለው ሰይድን። ዓመት ሙሉ ያልረገጠው ደጅ ድረስ ከእኛ ቀድሞ ሄደ።

እማማ ከድጃን በጋቢ ጠቅልለን ቃሬዛው ላይ አኖርናቸው። ሁለታችን ስንሸከም ሦስተኛው ያርፋል፤ ከዚያ እንለዋወጣለን። አሮጊቷ መንገዱን ሁሉ ይመርቁና ያርሙን ነበር። «ያላህ፣ ከፊት ያለው ረጅም ነው፣ እግሬ ከራሴ በላይ ሆነ።» «አንት እንግዳ፣ ወይ ተናገር ወይ ተሸከም፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትችልም።» አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ሰው የጫነ አይሱዙ ቆመልን። ሾፌሩ ለአሮጊቷና ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ አለኝ አለ። ሰይድ ተሳፈረ። መኪናው ሊነሣ ሲል ፊቱ ተለወጠ።

«በሬው! በሬውን አልፈታሁትም። ታስሮ ነው የቀረ!»

ሊወርድ አንድ እግሩን አወጣ። እንድሪስ እግሩን ይዞ መልሶ ከተተው።

«አንተ እናትህን ያዝ። የኔም ታስሯል፤ ሁለቱንም እፈታለሁ።»

«እንድሪስ፣ ይቅር፣ በሬ ነው...»

«አብሽር። እደርስባችኋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «የተመዘነውን ጽፈሃል?» አለኝ።

«ጽፌአለሁ።»

«ሦስት ለሁለት በል። እጥፍ እንዳትል።»

እኔም አብሬው ልመለስ አልሁት። «ደብተሩ ካንተ ጋር ነው። ሂድ» አለኝ። ወደ መንደሩ በሚወስደው መንገድ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ኮፍያው ይታየኝ ነበር። ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።

ወደ ሐይቅ በእግሬ ሄጄ መናኸሪያው አጠገብ ቆምሁ። ከሰሜን የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እያየሁ ቆየሁ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆምሁ። በመጨረሻው መኪና ደሴ ገባሁ። ከዚያ ኮምቦልቻ፤ ከዚያ የሁላችንም የሆነው ሆነ።

አንባቢዎቼ፣ ስለ ጦርነቱ እናንተም የምታውቁት ብዙ ነው። የጻፍሁት ስለዚያ አይደለም። እኔ በዚያ ሙያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ዋሽቼ አላውቅም ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ። መድረክ ላይ የተባለውን እንደተባለ ማስተላለፍ እውነት መናገር ይመስለኝ ነበር። ማን መዘነው፣ ደርቆ ነው ወይስ እርጥብ፣ ሌላኛውስ ወገን ተመዝኗል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቃቸው ጊደሩን የሸጠው ሰው ነው። በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በእጄ የቀዳሁትን ደግሞ እኔው ቆርጬ ጥያለሁ። የሚጥመውን ይዤ የሚሠራውን ጣልሁ። ያቺን ቴፕ በኋላ ፈልጌ አገኘኋት፤ ሃያ ሰከንድ አይደለችም፤ አሥራ ስምንት ናት።

ከዚያ ወዲህ ዘገባ ሳሳጥር መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሰምቶ ነገ በማሳው ላይ የሚሠራበት ሰው የሚቸገረው በየትኛው መቅረት ነው? እናንተም ከሬዲዮ፣ ከስልክ፣ ከመድረክ «እጥፍ» ሲባል ብትሰሙ፣ የተቆረጠውን ጠይቁ። ጠያቂ መሆን ብቸኛ ያደርጋል፤ የመስክ ቀን ላይ ሁሉም ፍየሉን ሲያይ አንተ ሚዛኑን ማየት ነው። ያን ብቸኝነት ለምጄዋለሁ። እንድሪስ ደግሞ ዓመት ሙሉ ኖሮበታል።

አካባቢው ሲከፈት በታኅሣሥ ተመለስሁ። በራሴ ዓይን ያየሁትንና ከሁለት ሰው በላይ የነገረኝን ብቻ ልጻፍ። ሚዛኑ የለም። ጆንያዎቹ የሉም። ድንጋዮቹ በግማሽ ክብ እንደተደረደሩ ነበሩ። የመስመሩን አገዳ ከብት ነጭቶታል፤ ሁለት ሽፋን በአንድ ቋጠሮ የታሰረበት አገዳ ግን ቆሞ ነበር። ሰይድ በሬውን ቆላ ካለ መንደር አገኘው፤ ከእንድሪስ በሬ ጋር ሲግጡ። የሁለቱም ገመድ አልተበጠሰም፤ ተፈትቶ በቀንዳቸው ላይ ተጠምጥሟል።

እማማ ከድጃ ኮምቦልቻ በዘመድ ቤት አረፉ። ዘሀራ ከልጆቿ ጋር ተመልሳለች። እንድሪስ ይመርን ከዚያ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በጥር የእርምት ዘገባ አስተላለፍሁ፤ ሦስት ለሁለት ብዬ። የልጅቱን አሥራ ስምንት ሰከንድ ሳልቆርጥ።

በሐምሌ መንደሯ ሄድሁ። የእንድሪስን ማሳ ሰይድ በሁለቱ በሬዎች አርሶ፣ በመስመር በቆሎ ዘርቶበት ነበር። ቡቃያው ጉልበት ላይ ደርሷል። ከመንገዱ ዳር ጀምሬ ሦስት መስመር ቆጠርሁ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ አገዳ ነበር።